የካርትሪጁ ሚሊቮልትና የፎኖ ፕሪአምፑ ዴሲቤል፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ደብዳቤዎች የተለያዩ ቢመስሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ከሸክላ ማጫወቻው ካርትሪጅ (መርፌውን ከያዘውና እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ክፍል) የሚወጣው እጅግ አነስተኛ ቮልቴጅ በፎኖ ፕሪአምፑ፣ ማለትም ከዋናው አምፕሊፋየር በፊት ባለው ማጉያ ውስጥ ምን ያህል ሊጎላ ይገባል? ብዙ ሰው ጥያቄውን በጆሮው ብቻ ሊመልስ ይሞክራል። ይሁን እንጂ ዕቃ ከመቀየር በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሦስት ቁጥሮችን ማገናኘት ብዙ ወጪና ብዙ ብስጭት ያስቀራል። ቁጥሮቹም የካርትሪጁ ሚሊቮልት፣ የፕሪአምፑ ዴሲቤል (የማጉላቱ መጠን) እና ዋናው አምፕሊፋየር በመግቢያው ላይ የሚፈልገው ቮልቴጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ በኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ካርትሪጅ ሳዳምጥ ቆይቼ በቅርቡ ዴኖን ዲኤል-103 ገጠምኩ። ፎኖ ፕሪአምፑን ግን አልቀየርኩትም፤ በመመሪያው ላይ የማጉላት መጠኑ 40 ዴሲቤል እንደሆነ ተጽፏል። አሁን ድምፁ በጣም ወርዷል። ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ካልከፈትኩት በደንብ አይሰማም፤ ስከፍተው ደግሞ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሙዚቃውን ይጫነዋል። ካርትሪጁ ተበላሽቶ ይሆን ወይስ ፕሪአምፑ አልመጠነውም?

መልስ፦ ከገለጹልን ምልክት ካርትሪጁ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። የገጠመዎት የማጉላት እጥረት ነው፤ መጠኑንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

2ኤም ሬድ በተለምዶ ኤም ኤም ከሚባሉት፣ ማግኔታቸው ከሚንቀሳቀስ ካርትሪጆች አንዱ ነው። በመርፌው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ማግኔት ስትርገበገብ፣ በካርትሪጁ አካል ውስጥ ሳይንቀሳቀሱ የተቀመጡትና ብዙ ዙር ያላቸው ጥቅል ሽቦዎች ቮልቴጅ ያመነጫሉ። ዲኤል-103 ግን ኤም ሲ ነው። በእሱ ውስጥ ከዘንጉ ጋር የሚንቀሳቀሰው ራሱ ጥቅል ሽቦው ነው፤ ሽቦው ከከበደ መርፌው የሸክላውን ቦይ ተከትሎ ፈጥኖ መታጠፍ ስለሚያቅተው ጥቂት ዙር ብቻ እንዲኖረው ይደረጋል። ዙሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ያንሳል። አምራቾቹ በሚያወጡት መግለጫ መሠረት 2ኤም ሬድ 5.5 ሚሊቮልት ሲያወጣ ዲኤል-103 የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ነው፤ ሁለቱም የተለኩት በ1 ኪሎኸርዝና መርፌው በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ሲንቀሳቀስ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን 18 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ ይህ በዴሲቤል ሲገለጽ 25 ገደማ ይሆናል።

ዴሲቤልን ወደ እጥፍ ለመለወጥ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል፦ እያንዳንዱ 20 ዴሲቤል ቮልቴጁን በ10 ያባዛዋል፤ እያንዳንዱ 6 ዴሲቤል ደግሞ በ2 ገደማ ያባዛዋል። ስለዚህ 40 ዴሲቤል 100 እጥፍ፣ 46 ዴሲቤል 200 እጥፍ፣ 60 ዴሲቤል 1,000 እጥፍ፣ 66 ዴሲቤል ደግሞ 2,000 እጥፍ ማለት ነው። የድሮው ካርትሪጅዎ 5.5 ሚሊቮልት በ100 ሲባዛ ከፕሪአምፑ 550 ሚሊቮልት ይወጣ ነበር። የአሁኑ 0.3 ሚሊቮልት በዚያው በ100 ሲባዛ የሚወጣው 30 ሚሊቮልት ብቻ ነው። አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ሙሉ ኃይላቸውን ለመስጠት በመግቢያቸው ላይ ከ200 እስከ 500 ሚሊቮልት ድረስ የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ 30 ሚሊቮልት ይዞ ቮሊዩሙን እስከ ዳር መክፈት ግዴታ ይሆናል።

ሽሽታው የመጣውም ከዚሁ ነው። ማንኛውም ፕሪአምፕ በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ጥቂት የራሱ ሽሽታ አለው፤ ይህ ሽሽታ ከካርትሪጁ ምልክት ጋር አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ በኋላ ከዚያ ወዲያ ያለ ማጉላት ሁሉ ሁለቱን እኩል ያሳድጋቸዋል እንጂ አይለያቸውም። ቀድሞ 5.5 ሚሊቮልት ሲገባ ሽሽታው ከሙዚቃው በእጅጉ ያነሰ ስለነበር አልሰሙትም። አሁን ሙዚቃው በ25 ዴሲቤል ሲወርድ ሽሽታው ባለበት ቀረ፤ ቮሊዩሙን ሲከፍቱም ሁለቱ አብረው ወጡ። በዚህ ላይ ለኤም ኤም የተሠራ መግቢያ የሚነደፈው የውስጥ ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠኑ) ከፍ ላለ ካርትሪጅ ነው፤ ለኤም ሲ የሚሠራው መግቢያ ግን የራሱ ሽሽታ እጅግ ዝቅ እንዲል ታስቦ ይነደፋል። አንዳንድ ሰዎች በፕሪአምፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ሌላ ማጉያ በመጨመር ችግሩን ለመፍታት እንደሚሞክሩ አውቃለሁ፤ በእኔ እምነት ይህ ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ማጉላቱ መጨመር ያለበት ከፊት፣ ምልክቱ ገና ንጹሕ በሆነበት ቦታ ነውና።

እንግዲህ ስንት ዴሲቤል ያስፈልግዎታል? ከፕሪአምፑ 400 ሚሊቮልት እንዲወጣ ቢፈልጉ፣ 400ን ለ0.3 ሲያካፍሉ 1,333 እጥፍ ያገኛሉ፤ ይህ 62.5 ዴሲቤል ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ኪሳራ አለ። ዲኤል-103 የ40 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። የፕሪአምፑን መግቢያ በ100 ኦም ላይ ካደረጉት፣ ካርትሪጁ ካመነጨው ቮልቴጅ ውስጥ ወደ ፕሪአምፑ የሚደርሰው 100 ለ140 ሲካፈል የሚገኘው ድርሻ፣ ማለትም 71 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 0.3 የነበረው 0.21 ሚሊቮልት ይሆናል፤ ኪሳራውም ወደ 3 ዴሲቤል ይጠጋል። በ400 ኦም ላይ ቢያደርጉት ግን የሚደርሰው 91 በመቶ ነው፤ ኪሳራውም ከ1 ዴሲቤል በታች ነው። ስለዚህ 60 ዴሲቤል ያለው ፕሪአምፕ በ400 ኦም ላይ 270 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጥዎታል፤ ይህም ለአብዛኛው አምፕሊፋየር የሚበቃ ነው። በ100 ኦም ማዳመጥ ከመረጡ ግን 64 ወይም 66 ዴሲቤል ያለው ቢሆን ይሻላል። አምራቹ ከ100 ኦም በታች እንዳይወርድ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ምርጫ ግን በጆሮዎ ሊወስኑት ይችላሉ።

ማጉላቱ በማብሪያ ማጥፊያ የሚቀያየርና የመግቢያ ሬዚስታንሱም የሚመረጥ ፕሪአምፕ ቢፈልጉ ለወደፊት ካርትሪጅ ሲቀይሩም ያገለግልዎታል። ሌላው አማራጭ ያለዎትን ባለ 40 ዴሲቤል ፕሪአምፕ ሳይቀይሩ ከፊቱ ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር (ቮልቴጅ የሚያሳድግ ትራንስፎርመር) ማስገባት ነው። ስለ እሱ ከዚህ በታች ሌላ አንባቢ ጠይቀዋልና መልሱን እዚያ ያገኙታል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የሁለት ካርትሪጆችን ሚሊቮልት ከማወዳደርዎ በፊት የተለኩበት ፍጥነት አንድ መሆኑን ይመልከቱ። አንዳንድ አምራቾች የሚለኩት በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ሳይሆን በ3.54 ሴንቲሜትር ነው። ፍጥነቶቹ በአንድ ዓይነት አገላለጽ የተሰጡ ከሆነ፣ በ3.54 ላይ 4 ሚሊቮልት የተባለው ካርትሪጅ በ5 ላይ 5.6 ሚሊቮልት ይደርሳል፤ ይህ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ችግር ድምፅ ማነሱ ሳይሆን መብዛቱ ነው። 5 ሚሊቮልት የሚያወጣ ኤም ኤም ካርትሪጅ አለኝ። ፕሪአምፔ 40፣ 50 እና 60 ዴሲቤል የሚል መቀያየሪያ ስላለው፣ ብዙ ማጉላት ድምፁን ሕያው ያደርገዋል ብዬ 60 ላይ አደረግኩት። ቮሊዩሙን በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የማዳምጠው፤ ሆኖም ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ወይም ጥሩምባዎቹ በአንድ ላይ ሲገቡ ድምፁ ይሰነጠቃል። መርፌው አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ መርፌውን ከመጠርጠርዎ በፊት መቀያየሪያውን 40 ላይ ይመልሱት፤ የተሰነጠቀውን ያንኑ ክፍል ደግመው ያጫውቱትና ያዳምጡ። መሰንጠቁ ከጠፋ ጥፋቱ የመርፌው አልነበረም።

የሚሆነው ይህ ነው። 5 ሚሊቮልት በ1,000 ሲባዛ 5 ቮልት ይሆናል። ይህ ግን በመለኪያው ፍጥነት የሚወጣው እንጂ ሙዚቃው የሚደርስበት ጣሪያ አይደለም። በሸክላ ላይ ጠንከር ብሎ የተቀረጸ ክፍል በሰከንድ 20 ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ 20 ሴንቲሜትር የመለኪያው 4 እጥፍ፣ ማለትም 12 ዴሲቤል ከፍ ያለ ነው። በዚያ ቅጽበት ካርትሪጅዎ 20 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ፕሪአምፑም 20 ቮልት እንዲያወጣ ይጠየቃል። የአንድ ፕሪአምፕ የመጨረሻ አቅም 8 ቮልት ነው ብንል፣ ከ8 ቮልት በላይ ያለው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። የሚሰሙት መሰንጠቅ ያ የተቆረጠ ጫፍ ነው። የአምፕሊፋየሩ ቮሊዩም የሚገኘው ከፕሪአምፑ በኋላ ስለሆነ፣ ዝቅ ማድረግዎ ቀድሞ የተቆረጠውን ሞገድ ቀስ ብሎ እንዲሰማ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። በ40 ዴሲቤል ላይ ግን ያው 20 ሚሊቮልት 2 ቮልት ብቻ ስለሚሆን እስከ 8 ቮልት ድረስ ሰፊ መተንፈሻ ይቀረዋል።

ብዙ ማጉላት ድምፁን ሕያው ያደርገዋል የሚለው አስተሳሰብ በጣም የተለመደ በመሆኑ ላልፈው አልፈልግም። ሁለት አቀማመጦችን ስናወዳድር በትንሹም ቢሆን ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማናል። የጆሯችን ጠባይ ይህ ነው። በመሆኑም 40ና 60ን ሲያወዳድሩ ቮሊዩሙን እያስተካከሉ ሁለቱም በአንድ ከፍታ እንዲሰሙ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ሲሰማ ሕያውነት የተባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ የቀረው መሰንጠቅ ብቻ ይሆናል።

ከፍተኛ ማጉላት የሚያመጣው ሌላም ጉዳት አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ዝቅተኛው ድምፅ (ባሱ) ተቀንሶ ከፍተኛው ድምፅ (ትሬብሉ) ተጨምሮ ነው፤ ፎኖ ፕሪአምፑ ይህን መልሶ ያስተካክላል። አር አይ ኤ ኤ በመባል የሚታወቀው ይህ የማስተካከያ መስመር ከ1954 ጀምሮ የኢንዱስትሪው መለኪያ ሆኗል። የፕሪአምፕ ዴሲቤል የሚገለጸው በ1 ኪሎኸርዝ ላይ ያለው ነው፤ በ20 ኸርዝ አካባቢ ግን ማጉላቱ ከዚያ በ20 ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል። 60 ያደረጉት ፕሪአምፕ ለዝቅተኛው ድምፅ 80 ሊጠጋ ነው ማለት ነው። በጥቂቱ የተጣመመ ሸክላ ሲያጫውቱ የስፒከሩ ትልቁ ኮን ያለ ድምፅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ አይተው ከሆነ፣ ከጥመቱ የሚመጣው ከመስማት ችሎታችን በታች ያለ እንቅስቃሴ እየጎላ ነው። እሱም የፕሪአምፑን አቅም ይሻማል።

መቀያየሪያውን 40 ላይ መልሰውም መሰንጠቁ ካልጠፋ፣ የሚሰማበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ሸክላው ወደ መሐል ሲጠጋ የሚብስ ከሆነ፣ ወይም በአንዱ ስፒከር ብቻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ የመርፌውን ንጽሕና፣ የጫናውን ግራምና የካርትሪጁን አቀማመጥ መመርመር ተገቢ ነው። ከማጉላት ብዛት የሚመጣው መሰንጠቅ ግን ቦታ አይመርጥም፤ በሸክላው ጠርዝም ሆነ በመሐሉ፣ ድምፁ በጠነከረበት ሁሉ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ለዲኤል-103 ስቴፕ አፕ ትራንስፎርመር ልገዛ አስቤ 1 ለ10፣ 1 ለ20ና 1 ለ30 የሚሉ አገኘሁ። ፕሪአምፔ 40 ዴሲቤልና 47 ኪሎኦም ነው። ከፍተኛውን ብወስድ ብዙ ድምፅ አገኛለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ የሚጠብቁትን ያህል አያገኙም፤ ምክንያቱም ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ሲያሳድግ በዚያው ልክ የሚቀንሰው ነገር አለ። 1 ለ10 የሆነ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን በ10 ያሳድጋል። ነገር ግን በስተጀርባው ያለው 47 ኪሎኦም ለካርትሪጁ በ10 ጊዜ 10፣ ማለትም በ100 ተካፍሎ፣ 470 ኦም ሆኖ ይታየዋል። በ1 ለ20 ላይ 117.5 ኦም፣ በ1 ለ30 ደግሞ 52 ኦም ብቻ ሆኖ ይታየዋል። የካርትሪጁ 40 ኦም ከእነዚህ ጋር ቮልቴጁን ይካፈላል።

ስሌቱን በዝርዝር እናድርገው። በ1 ለ10፣ 0.3 ሚሊቮልት በ10 ተባዝቶ 3 ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 92 በመቶው ስለሚደርስ 2.8 ሚሊቮልት ገደማ ይገኛል። በ1 ለ20፣ 6 ሚሊቮልት ይሆንና 75 በመቶ ያህሉ ሲደርስ 4.5 ሚሊቮልት ይቀራል። በ1 ለ30፣ 9 ሚሊቮልት ይሆንና 57 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሚደርስ 5.1 ሚሊቮልት ይሆናል። ከ1 ለ20 ወደ 1 ለ30 ሲሸጋገሩ ያገኙት ጭማሪ ከ1 ዴሲቤል ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ካርትሪጁን ግን አምራቹ ከሚመክረው ገደብ በግማሽ ወደሚያንስ ኦም፣ ማለትም ወደ ከበደ ጭነት ወሰዱት ማለት ነው። የትራንስፎርመሩን የራሱን የሽቦ ሬዚስታንስ ወደ ጎን ብንተወው፣ ለ40 ኦም ካርትሪጅና ለ47 ኪሎኦም መግቢያ ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚገኘው በ1 ለ34 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ቮልቴጁን መልሶ ይቀንሰዋል።

እኔ ብሆን 1 ለ10ን እመርጣለሁ። 2.8 ሚሊቮልት በ40 ዴሲቤል ሲጎላ 280 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ካርትሪጁም በ470 ኦም ላይ ሳይጨነቅ ይሠራል። አምፕሊፋየርዎ በመግቢያው ብዙ የሚፈልግ ከሆነ 1 ለ20ም ትክክለኛ ምርጫ ነው። የውስጥ ሬዚስታንሳቸው 5 ኦም ያህል ብቻ ለሆነ ኤም ሲ ካርትሪጆች ግን ሁኔታው ይለያል፤ ለእነሱ 1 ለ20 ያለ ኪሳራ ይሠራል ለማለት ይቻላል።

ትራንስፎርመሩ የሚገባው በኤም ኤም መግቢያ ላይ ብቻ ነው። በኤም ሲ መግቢያ ላይ ቢሰኩት፣ በዚያ ያለው 100 ኦም በ1 ለ20 ትራንስፎርመር በኩል ለካርትሪጁ ሩብ ኦም ሆኖ ስለሚታየው ድምፁ ይታፈናል። ከአምፕሊፋየሩ የኃይል ትራንስፎርመርም ያርቁት፤ ካላራቁት «እምም» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። አንዳንዴ ዕቃውን ጥቂት ማዞር ብቻ ልዩነት ያመጣል።

ጥያቄ፦ አሮጌ አምፕሊፋየር አለኝ። በመመሪያው ላይ ዴሲቤል የሚባል ነገር የለም። የተጻፈው «ፎኖ ኤም ኤም 2.5 ሚሊቮልት፣ 47 ኪሎኦም፤ ፎኖ ኤም ሲ 0.125 ሚሊቮልት፣ 100 ኦም፤ ቱነርና ኦግዚለሪ 150 ሚሊቮልት» የሚል ነው። ካርትሪጄ ዴኖን ዲኤል-110 ነው። ኤም ሲ ስለሆነ ኤም ሲ የሚለው ላይ አደረግኩት፤ ግን ድምፁ ደስ አላለኝም።

መልስ፦ መመሪያው ዴሲቤሉን በሌላ መልክ ሰጥቶዎታል። የተጻፉት ቁጥሮች ቮሊዩሙ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አምፕሊፋየሩ ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ የሚፈልገው ቮልቴጅ ናቸው። የኦግዚለሪውን (የፎኖ ማጉላት የሌለበትን ተራ መግቢያ) 150 ሚሊቮልት ለኤም ኤሙ 2.5 ሲያካፍሉ 60 እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ወደ 36 ዴሲቤል የሚጠጋ ማጉላት ነው። ለኤም ሲው 0.125 ሲያካፍሉ ደግሞ 1,200 እጥፍ፣ ማለትም 62 ዴሲቤል ገደማ ያገኛሉ።

ዲኤል-110 ኤም ሲ ቢሆንም የሚያወጣው 1.6 ሚሊቮልት ነው፤ አምራቹም 47 ኪሎኦም ላይ እንዲሰካ አድርጎ ነው የሠራው። ስለዚህ ቦታው የኤም ኤም መግቢያ ነው። በአምፕሊፋየር ላይ ኤም ሲ ተብሎ የተጻፈው መቀያየሪያ የሚመለከተው ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያላቸውን ካርትሪጆች ነው፤ ካርትሪጁ በውስጡ እንዴት እንደተሠራ አይጠይቅም። በአሁኑ አቀማመጥዎ ሁለት ነገሮች ተበላሽተዋል። አንደኛው የካርትሪጁ 160 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ ከ100 ኦም መግቢያ ጋር ሲገናኝ ከቮልቴጁ 38 በመቶው ብቻ መድረሱ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ ካርትሪጁ ከታሰበለት እጅግ የከበደ ጭነት ስለተጫነበት የድምፁ ሚዛን መለወጡ ነው።

በኤም ኤም መግቢያ ላይ 1.6 ከ2.5 ስለሚያንስ ድምፅ ያጥረኛል ብለው አይስጉ። ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው፤ የሙዚቃው ጠንካራ ክፍሎች ደግሞ ከመለኪያው በ12 ዴሲቤል ሊበልጡ እንደሚችሉ ከላይ አይተናል። ቮሊዩሙን ከለመዱት ትንሽ ከፍ አድርገው ያዳምጡ።

ጥያቄ፦ ሸክላ ማጫወቻዬ ከኋላው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ አለው። ከአምፕሊፋየሩ የፎኖ መግቢያ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ዝቅተኛው ድምፅም ከመጠን በላይ ይጮኻል።

መልስ፦ መቀያየሪያው «ላይን» ላይ ነው ያለው። በማጫወቻው ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ምልክቱን አንድ ጊዜ አጉልቶና በአር አይ ኤ ኤ አስተካክሎ ሲልከው፣ አምፕሊፋየሩ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። 4 ሚሊቮልት ሁለት ጊዜ በ100 ሲባዛ 40 ቮልት ይሆናል፤ ይህን ሊያወጣ የሚችል ፎኖ መግቢያ የለም። ወይ መቀያየሪያውን «ፎኖ» ላይ ያድርጉት፣ ወይም «ላይን» ላይ ትተው ገመዱን ወደ ኦግዚለሪ ያዛውሩ። ይህን ሲያደርጉ አምፕሊፋየሩ የጠፋ፣ ቮሊዩሙም የወረደ ይሁን። በተቃራኒው «ፎኖ» ላይ አድርገው ገመዱን ኦግዚለሪ ላይ ቢሰኩ ደግሞ ቀጭን፣ ዝቅተኛ ድምፁ የጎደለና የራቀ ድምፅ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር በትክክል የተገናኘ ይመስለኛል፤ ካርትሪጄ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ፣ ፕሪአምፔ 42 ዴሲቤል ነው። ሆኖም ከሲዲ ወደ ሸክላ ስቀይር ድምፁ በግልጽ ይወርዳል። ሸክላዎቼን ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳትም አስቤ ነበርና ማጉላት ልጨምር?

መልስ፦ ኤቲ-ቪኤም95ኢ 4 ሚሊቮልት ያወጣል። 42 ዴሲቤል 126 እጥፍ ስለሆነ ከፕሪአምፕዎ 500 ሚሊቮልት ያህል ይወጣል። ይህ ምንም የጎደለው ነገር የለም። የሲዲ ማጫወቻዎች ከፍተኛው ውጤት በተለምዶ 2 ቮልት ስለሆነ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ12 ዴሲቤል ልዩነት ይታያል። ነገር ግን 2 ቮልት የሲዲው ጣሪያ ሲሆን 500 ሚሊቮልት የሸክላው መለኪያ ነው፤ በሸክላው ጠንካራ ክፍሎች ላይ የእርስዎም ፕሪአምፕ 2 ቮልት ይደርሳል። በዚህ ላይ ብዙ ሲዲዎች ድምፃቸው ያለማቋረጥ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ እንዲሰማ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ለማጥፋት ብለው ማጉላት አይጨምሩ፤ ምንጩን ሲቀይሩ ቮሊዩሙን ማስተካከል ይበቃል።

ለመቅዳትም ቢሆን ፕሪአምፑን ባለበት ይተዉት። ደረጃውን የሚያስተካክሉት በድምፅ መቅጃው መግቢያ ላይ ነው። ከሸክላው ውስጥ እጅግ የጠነከረውን ክፍል ፈልገው ያጫውቱና የመለኪያው ከፍተኛ ንባብ ከ0 (ከመቅጃው ጣሪያ) በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። በ24 ቢት የሚቀዱ ከሆነ ከ0 በታች 10 ወይም 12 ላይ ቢቆምም የሚያጡት ነገር የለም፤ ከሸክላው የራሱ የገጽ ድምፅ በታች ገና ብዙ ቦታ ይቀርዎታልና። መቅጃው ደረጃውን እስከ ታች አውርደውትም ከ0 ካለፈ ብቻ የፕሪአምፑን ማጉላት አንድ እርከን ይቀንሱ። በሸክላው ላይ ያለ ጭረት ወይም አቧራ «ጠቅ» ሲል መለኪያው ለቅጽበት ከሙዚቃው በላይ ሊዘል ይችላል፤ እሱን ተከትለው ደረጃውን አያውርዱ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ያቺን ቅጽበት ብቻ ለይቶ ማጽዳት ይቻላል።